ወዝ በል

«እንዳትነቃነቂ» አሉኝ ዶክተሩ፤ በቀጭን መርፌ ጫፍም ፀጉሬ ከሚጀምርበት ጥግ ላይ ካሉት ፍሬዎች አንዷን ከፈት አደረጓት። ከውስጧ የወጣው ነገር ጤፍ አያህልም። መስታወት ላይ ቀባ አድርገው ከአንድ ብልቃጥ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ጠብ አደረጉበት። ቀጥለው ከመሳቢያቸው ያወጡት ግን አሳቀኝ። የብዕር ቀለም ነበር፤ ትምህርት ቤት ሳለን ጣታችንንም ደብተራችንንም የሚያበላሸው ሰማያዊ ቀለም።

«ኬሚካሉ የቆዳሽን ሕዋስ ያሟሟል፤ እሱን ግን ቶሎ አይደፍረውም። ቀለሙን ደግሞ የሚጠጣው እሱ ነው» አሉ። «እሱ» ማን እንደሆነ አልነገሩኝም። ጥቂት ደቂቃ ጠብቀው ማይክሮስኮፑ ላይ አጎነበሱ፤ ከዚያ ወንበራቸውን ወደ ኋላ ሳብ አድርገው «ነይ፣ ራስሽ እዪው» አሉኝ።

መጀመሪያ ያየሁት የራሴን ሽፋሽፍት ነበር። ዓይኔ ቦታውን ሲይዝ ግን ሰማያዊ ክብ ክብ ነገሮች ታዩኝ፤ እንደ ተበተነ አተር፣ እፍኝ እፍኝ ሆነው የተከማቹ። አንዳንዶቹ ከጎናቸው ትንሽ ልጅ አብቅለዋል፤ እናትና ልጅ ተያይዘው ሲታዩ አንገቷ ወፈር ያለ ቅል ይመስላሉ።

«እርሾ ነው» አሉ ዶክተሩ። «ጠላ የሚያፈላው እርሾ የሩቅ ዘመድ። ይሄኛው ግን ስኳር አይደለም የሚፈልገው።»

ስምንት ወር ያሳከከኝን ነገር ዓይን ለዓይን ያየሁት ያን ጠዋት ነው።

ስለ ስምንቱ ወር ብዙ አላወራም፤ የሚያሳክከው ሰው ወሬው ራሱ ያሳክካል። መጀመሪያ ግንባሬ ላይ፣ ልክ ከሹሩባዬ ሥር፣ በአንድ ወንፊት የተነፉ የሚመስሉ እኩል እኩል የሆኑ ፍሬ ፍሬ ነገሮች ወጡ። ከዚያ ወደ ጆሮ ግንዴና ወደ አገጬ ጎን ወረዱ፤ ራሴን በጣቴ ስዳብስም እዚያም አሉ። አያምም፤ ያሳክካል እንጂ። በተለይ ታክሲ ሰልፍ ላይ ፀሐይ መትቶኝ ሲያልበኝ፣ ሰው ባያየኝ ግንባሬን ከግንብ ጋር ባፋትገው እላለሁ።

እናቴ አየችኝና «ምች ነው» አለች። ዳማከሴ በእጇ አሽታ ጭማቂውን ቀባችኝ፤ ሽታው እስካሁን ትራሴ ላይ ያለ ይመስለኛል። ፀጉር የምትሠራኝ ልጅ ደግሞ «ሹሩባው ጠብቆብሽ ነው እህቴ» አለች፤ ይህቺ ግምት፣ በኋላ እንደተረዳሁት፣ የዋዛ አይደለችም። ፋርማሲ «የማሳከክ ቅባት» ብለው ሸጡልኝ። በሦስተኛው ቀን ቆዳዬ ጸጥ አለ፤ ቅባቱ ሲያልቅ ግን የሄዱት ሁሉ ከነዘመዶቻቸው ተመለሱ። በመጨረሻ አንድ ክሊኒክ ገባሁ። ሐኪሙ ከወንበሩ ሳይነሳ «ብጉር ነው» አለኝ። በ36 ዓመቴ! ለሁለት ወር የሚበቃ ዶክሲሳይክሊን ጻፈልኝ፣ አንድ ቀን ሳላስተጓጉል ዋጥኩት፤ ያገኘሁት ለውጥ ፍሬዎቹ ወደ ደረቴና ወደ ጀርባዬ መሻገራቸው ነው።

እናቴ ደግሞ በዚህ ሁሉ መካከል «ራስሽ ደርቆ ነው» እያለች በየቅዳሜው ለጋ ቅቤ አናቴ ላይ ታደርግልኝ ነበር። ይህችን ቅቤ ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ዶክተሩ የእርሾውን ስም በወረቀት ጻፉልኝ። ማላሴዚያ። «የሰው ስም ነው» አሉ፤ «ፈረንሳዊ። እሱን ለማመን መቶ አሥር ዓመት ፈጅቶብናል።» ሌላ ታካሚ በር ላይ ስለነበር ከዚያ በላይ አላጫወቱኝም። እኔ ግን ያን ሌሊት ከማከኬ ጋር እያፈራረቅኩ ማንበብ ጀመርኩ። ከዚህ በታች የሚመጡት ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የሚጀምረው ከራስ ሳይሆን ከደረት ነው። በ1846 ካርል አይክሽቴት የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ከቋቁቻ ላይ የፋቀውን ቅርፊት በማይክሮስኮፕ አይቶ ፈንገስ አገኘበት። በ1853 ፈረንሳዊው ሻርል ሮባን ለፈንገሱ «ፉርፉር» የሚል የዝርያ ስም አወጣለት። ቃሉ ላቲን ነው፤ የእህል ገለፈት፣ እኛ ፉርሽካ የምንለው ማለት ነው፤ ቋቁቻ ሲፋቅ እንደ ፉርሽካ ይረግፋልና። ጣልያኖች ከዚያው ቃል አውጥተው የራስ ቅርፊትን «ፎርፎራ» ይላሉ፤ እኛም ከእነሱ ተቀብለን «ፎረፎር» አልነው። እንግዲህ የቋቁቻው ፈንገስና የራሳችን ቅርፊት በስም ወንድማማች ሆነው ኖረዋል። በሥጋም ወንድማማች መሆናቸውን ለማመን ግን ሳይንስ ከመቶ ዓመት በላይ ወሰደበት።

ሉዊ ሻርል ማላሴ በፓሪስ፣ በኮሌዥ ደ ፍራንስ ላቦራቶሪ የሚሠራ የሕብረ ሕዋስ ሊቅ ነበር። የሚታወቀው በደም ነው፤ በአንዲት ጠብታ ውስጥ ስንት ሕዋስ እንዳለ የሚቆጠርበትን መሣሪያ ካበጁት አንዱ እሱ ነው። ቆጣሪ ሰው ነው፤ ያየውን የሚመዘግብ። በ1874 ከሰዎች ራስ የረገፈ ቅርፊት ማይክሮስኮፕ ሥር አድርጎ ሲያይ ያችን ቅል አያት፤ እኔ ያየኋትን። ከእሱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ጣልያናዊው ሴባስቲያኖ ሪቮልታ የሚመሳሰል ነገር አይቶ ነበር። ማላሴ ግን አይቶ አላለፈም፤ ከሰሰ። ፎረፎርን የሚያመጣው ይኸው እርሾ ነው ብሎ ጻፈ።

እዚያ ላይ ቢያቆም መልካም ነበር። በዚያው ዓመት ላሽንም በዚሁ እርሾ ላይ ደረበበት። ላሽ ግን ሰውነት በገዛ ፀጉሩ ሥር ላይ የሚነሳበት ሕመም ነው፤ እርሾው እጁ የለበትም። አንዱን ክስ አሳምሮ ይዞ ሌላውን ያለ ማስረጃ የደረበ ዐቃቤ ሕግ ምን እንደሚገጥመው ፍርድ ቤት የዋለ ያውቀዋል።

በእርግጥ ክሱን ያዳከመው ይህ ብቻ አይደለም። ትልቁ ችግር ተከሳሹ የማይገኝበት ቦታ አለመኖሩ ነው። ፎረፎር ያለበት ሰው ራስ ላይ አለ፤ ዕድሜ ልኩን አሳክኮት የማያውቅ ሰው ራስ ላይም አለ። የ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ደግሞ የሮበርት ኮኽ ሕግ የነገሠበት ጊዜ ነው። አንድ ተሐዋስ የበሽታ ምክንያት ለመባል ከታመመው ላይ ተወስዶ፣ ላቦራቶሪ ውስጥ ለብቻው ተራብቶ፣ ጤነኛው ላይ ሲደረግ ያንኑ በሽታ መልሶ ማምጣት አለበት። ጤነኛው ላይ አስቀድሞ ቤት ሠርቶ የተቀመጠውን ምን ያደርጉታል?

ላቦራቶሪ ውስጥ ማራባቱም የባሰ ፈተና ሆነ። የዘመኑ የፈንገስ ንጉሥ በፓሪስ የቅዱስ ሉዊ ሆስፒታል የነበረው ሬይሞን ሳቡሮ ነው። ቆረቆርን ያጠና፣ የፈንገሶችን ወገን ከወገን የለየ፣ ስኳርና ፔፕቶን ቀላቅሎ የሠራው ማብቀያ ዛሬም በየአገሩ ላቦራቶሪ በስሙ የሚጠራ ሰው። ለማላሴም እርሾ በ1904 ፒቲሮስፖረም የሚል አዲስ ስም ሰጥቶታል፤ እርሾው ግን በ1889 በእጽዋት ሊቁ በባይዮን ማላሴዚያ ተብሎ ተሰይሞ ነበር። ስም በስም ላይ ተደራረበ፤ የራሱ በአንድ ስም፣ የቋቁቻው በሌላ፤ ቅርጹን አይተው ባክቴሪያ የመሰላቸው ደግሞ «የጠርሙስ ባሲል» ይሉት ነበር። ከዚህ ሁሉ ስም ጋር፣ የሳቡሮን ስኳር ብቻ ቢያቀርቡለት ከሰው ቆዳ የመጣው እርሾ አይበቅልም። ንጉሡ ለፈንገስ ሁሉ ያዘጋጀው ገበታ ለዚህኛው ጾም ነበር።

ምን እንደጎደለው በግልጽ ያሳየችው ኒው ዮርክ፣ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የነበረችው ሮዳ ቤንሃም ናት፤ ዓመቱ 1939። እርሾው ቅባት ይፈልጋል። ማብቀያው ላይ ስብ ሲጨመርለት ለዓመታት አሻፈረኝ ያለው ነገር ይበቅላል፤ ኋላ የወይራ ዘይት ከላይ ማፍሰስ የላቦራቶሪ ልማድ ሆነ። በ1980ዎቹ የተዘጋጀ አንድ የታወቀ ማብቀያማ ቅባቱ ያልወጣለት የላም ወተትና የበሬ ሐሞት ይገባበታል። ይህን ሳነብ ብቻዬን ሳቅኩ፤ የደብተራ መድኃኒት ነው የሚመስለው።

ይህ እርሾ ለምን ከሌላ ቦታ ይልቅ ራስ፣ ግንባር፣ ደረትና ጀርባ ላይ እንደሚሰፍር አሁን ገባኝ። ወዝ ያለበት ቦታ ነው። የወዝ ዕጢዎቻችን በጉርምስና ሲነቁ የእሱ ማዕድ ይዘረጋል። ሥጋ በል፣ ሣር በል እንደምንለው ይህ ወዝ በል ነው።

የእኔ ፍሬዎች ወደ ታሪኩ የገቡት ግን ዘግይተው ነው። ብዙ ጊዜ ሲወራ የነበረው ስለ ቅርፊቱ ስለነበር፣ እርሾው የፀጉር ቀዳዳ ውስጥ ጠልቆ ብጉር መሳይ ነገር ሊያወጣ እንደሚችል ያስተዋለ ጥቂት ነው። በ1969 አሜሪካ ውስጥ ዊሪና ባልደረቦቹ አንቲባዮቲክ ሲወስዱ ብጉር የሚመስል ሽፍታ የወጣባቸውን ታካሚዎች ገልጸው ጻፉ። ብጉርን ያጠፋል ተብሎ የሚሰጠው መድኃኒት ብጉር መሳዩን አመጣው! በ1973 ደግሞ ፖተርና ሁለት ባልደረቦቹ 7 ታካሚዎችን ዘርዝረው የበሽታውን ስምና መልክ አቆሙት፤ በእርሾው የሚመጣ የፀጉር ቀዳዳ ብግነት።

ያን ገጽ ሳነብ የዶክሲሳይክሊን ካርቶኔ መስኮቱ ላይ ነበር። አንቲባዮቲክ ባክቴሪያን እንጂ እርሾን አይገድልም። ቆዳችን ላይ ባክቴሪያውና እርሾው ጎረቤታሞች ናቸው፣ በአንድ ወዝ የሚሻሙ። አንዱን ጎረቤት ስታስወጡለት ሌላው አጥሩን ያሰፋል። የማሳከክ ቅባቱም እንዲሁ ነበር፤ ዶክተሩ ባዶ ቱቦውን አንብበው ስቴሮይድ እንደሆነ ነግረውኛል። ስቴሮይድ የሰውነትን ቁጣ ያበርዳል፤ የተቆጣው በማን ላይ እንደሆነ ግን አይጠይቅም፤ ጠባቂው ሲተኛ እርሾው ይፋፋል። ስለዚህ ስምንት ወር ሙሉ ገንዘብ እየከፈልኩ እርሾ ሳረባ ነበር ማለት ነው።

የፎረፎሩ ክርክር ግን በ1970ዎቹ ገና አልተዘጋም ነበር፤ እንዲያውም ተከሳሹ ነጻ የወጣበት ጊዜ ነው። በወቅቱ በቆዳ ሕክምና ስሙ ከገነነው ከፊላደልፊያው አልበርት ክሊግማን ዘንድ የወጣ የ1976 ጥናት ተሐዋስያኑ ምክንያት አይደሉም አለ። ቆዳው በራሱ ምክንያት በፍጥነት ይታደሳል፣ ይረግፋል፤ እርሾው የሚበዛው ቅርፊቱ ስለበዛለት ነው። ዝንብ ስላረፈበት ነው የቆሰለው እንደማይባል ሁሉ። የሚያሳምን ክርክር ነው፤ እኔም በዚያን ጊዜ ብኖር የማምን ይመስለኛል።

አንድ ነገር ግን አልገጠመም። የፎረፎር ሻምፖዎች ከዚያ በፊት ገበያ ላይ ውለዋል። ሴሌኒየም ሰልፋይድ ከ1950ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ይሸጣል፤ ዚንክ ፒሪታዮን ያለበት ሄድ ኤንድ ሾልደርስ በ1961 ወጥቷል። ሁለቱም ይሠራሉ። ለምን እንደሚሠሩ ሲጠየቅ መልሱ «የቆዳውን እድሳት ስለሚያዘገዩ» ነበር። እንግሊዝ አገር ኒውካስል የነበረው የቆዳ ሕክምና ፕሮፌሰር ሳም ሹስተር ይህን መልስ አልተቀበለውም። መድኃኒቶቹን ደርድሮ አያቸው፤ በኬሚስትሪያቸው አይገናኙም፤ አንዱ ከአንዱ ዘመድ አይደለም። አንድ የጋራ ነገር ግን አላቸው፤ ሁሉም እርሾ ይገድላሉ።

ያን ጊዜ ቤልጂየም ውስጥ ያንሰን ኩባንያ ኬቶኮናዞል የተባለ አዲስ ፀረ ፈንገስ አውጥቶ ነበር። በፈንገስ ላይ ያነጣጠረ መድኃኒት ነው፤ ሹስተርም የሚፈልገው እንዲህ ያለ ምስክር ነው። በ1984 እሱና ባልደረቦቹ የፎረፎር ከባድ መልክ የሆነ ወዛም ሽፍታ ፊታቸውና ራሳቸው ላይ ላለባቸው ሰዎች ኬቶኮናዞልንና ምንም የሌለበትን እንክብል እያፈራረቁ፣ ሐኪሙም ታካሚውም የቱ የቱ እንደሆነ ሳያውቁ ሰጡ። በመድኃኒቱ ጊዜ ቆዳው ዳነ። ማላሴ ከጻፈ ልክ 110 ዓመት ሆኖት ነበር፤ እሱ ራሱ በ1909 አርፏል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ምስክሩ ፍጹም ገለልተኛ አይደለም። ኬቶኮናዞል ፈንገስ ከመግደል ሌላ በራሱ ብግነትን የማብረድ ጠባይ አለው፤ ይህን የሚያነሱ ተቺዎች አሉ። እኔ ዳኛ ብሆን ግን በእርሾው ላይ እፈርድበታለሁ፤ ብቻውን ሳይሆን ከግብረ አበሮቹ ጋር።

በእነዚያው ዓመታት ሌላ አስፈሪ ማስረጃ መጣ። የአሜሪካ ሐኪሞች ኤድስ በያዛቸው ሰዎች ፊትና ራስ ላይ ይኸው ወዛም ሽፍታ እጅግ በዝቶና ከብዶ አዩት። የመከላከል አቅም ሲዳከም ከእርሾው ጋር የነበረው የጉርብትና ውል ይፈርሳል። የዓለም ጤና ድርጅት የኤች አይ ቪን ደረጃዎች ሲዘረዝር ይህን ሽፍታና የሚያሳክኩ ፍሬዎችን ሁለተኛው ደረጃ ላይ፣ ከአልማዝ ባለጭራ ጎን አስቀምጧቸዋል። እኛ ዝርዝሩን ባናነብም እናውቀዋለን። እኔ ባደግኩበት ሰፈር ፊቱ ላይ ሽፍታ የወጣበት ሰው ከቤት መውጣት ያቆም ነበር፤ ሰላምታ ሲሰጡት ዓይናቸው ከግንባሩ አይነሳማ። መሥሪያ ቤትም በእነዚያ ስምንት ወሮች አንዳንድ ዓይን እንደዚያ አርፎብኛል። አብዛኛው ፎረፎርም ሆነ እንደ እኔ ያለው ፍሬ ከቫይረሱ ጋር ምንም አያገናኘውም። ዶክተሩ ግን እንደማንኛውም ምርመራ፣ ድምፃቸውን ሳይቀይሩ «የኤች አይ ቪም እናድርግ» አሉኝ። ነፃ ነኝ። ውጤቱን ስጠብቅ ያሳለፍኳትን ሰዓት ግን ከስምንቱ ወር ለይቼ አስታውሳታለሁ።

የመጨረሻውን ቁልፍ ያገኘው፣ ይገርማችኋል፣ ሻምፖ ሻጩ ነው። በ2007 ሄድ ኤንድ ሾልደርስን የሚያመርተው የፕሮክተር ኤንድ ጋምብል ተመራማሪዎች፣ ቶማስ ዳውሰን የነበረበት ቡድን፣ የማላሴዚያ ግሎቦሳን ሙሉ የዘር መዝገብ አንብቦ አሳተመ። የሰው 3 ቢሊዮን ፊደል ሲሆን የእሱ 9 ሚሊዮን ገደማ ነው፤ ዘረ መሎቹም 4,285። በዚያች ትንሽ መዝገብ ውስጥ አንድ ገጽ የለም፤ የራሱን ቅባት የሚሠራበት። ቤንሃም ከዚያ 68 ዓመት ቀደም ብላ በብልቃጥ ያየችው ነገር ምክንያቱ ይኸው ነው። በምትኩ ወዝን የሚቆርጡ ኢንዛይሞች በገፍ አሉት። ከወዙ የሚስማማውን ይበላል፤ የማይስማማውን፣ በተለይ ኦሊክ አሲድ የሚባለውን፣ ቆዳችን ላይ ትቶት ይሄዳል።

የጤነኛው ሰው እንቆቅልሽ የተፈታው እዚህ ላይ ነው። ይኸው ወገን ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ባወጣው ሥራ ኦሊክ አሲዱን ብቻውን በሰዎች ራስ ላይ አድርገው ነበር። ፎረፎር የሚያጠቃቸው ሰዎች ራስ ቀረፈ፤ የሌሎቹ ምንም አልሆነ። እርሾው ሁሉ ጋ አለ፤ ወዙም ሁሉ ጋ አለ፤ ትርፍራፊውን የሚቆጣ ቆዳ ግን የሁሉ አይደለም። ኮኽ ተሐዋሱን ብቻ ይዞ ቢፈልግ አያገኘውም ነበር፤ የቤቱን ባለቤትም መጠየቅ ነበረበት።

አሁን ወደ ቅቤዋ።

በሁለተኛው ቀጠሮ ዶክተሩ ራሴን ሲዳብሱ ጣታቸውን አሽትተው ሳቁ። «ይሄ ቅቤ ነው?» አሉኝ። እናቴ እንደምትቀባኝ ነገርኳቸው። «ለእሱ ድግስ ነው የምትደግሱለት። ላቦራቶሪ ውስጥ እሱን ለማሳደግ ወተት ነው የምንሰጠው፤ አንቺ ደግሞ ቅቤውን አውጥተሽ ታቀርቢለታለሽ።» ቅቤ የተቀባ ሁሉ ይታመማል ማለታቸው አይደለም፤ አያቶቻችን ዕድሜ ልካቸውን ተቀብተው አንድ ፍሬ አልወጣባቸውም። ፍሬው አንዴ ለወጣበት ቆዳ ግን ቅቤም ሆነ የፀጉር ዘይት ከሥሩ ላይ መነሳት አለበት።

በመጀመሪያው ቀን፣ ወደ መርፌው ከመሄዳቸው በፊት የጠየቁኝ ጥያቄ ብዛቱ ትዝ ይለኛል። ያሳክካል ወይስ ያማል? ጥቁር ነጥብ አለው? ብጉር ጥቁር ነጥብ አለው፣ መጠኑም አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ ነው፤ የእኔ ግን እኩል እኩል። ቤት ውስጥ ሌላ ሰው ሌሊት ሌሊት ያክካል? ይህ እከክን ለመለየት ነው። ፀጉርሽ ይሰበራል፣ ይመለጣል? ይህ ለቆረቆር፤ እሱ ይበልጥ ልጆችን ይይዛል፣ በሻምፖ ብቻም አይድንም። ሹሩባሽን ምን ያህል ታጠብቂዋለሽ? ጠብቆ የተሠራ ሹሩባ በመሳብ ብቻ የፀጉር ሥርን ያስቆጣል፤ የፀጉር ሠሪዬ ግምት መና አልነበረም። ወንድ ብሆን ኖሮ ደግሞ ስለ ምላጭ ይጠይቁኝ ነበር፤ ተላጭቶ ወደ ውስጥ የሚታጠፍ ጢም ተመሳሳይ ፍሬ ያወጣልና። ይህ ሁሉ አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ከወንበሩ ያልተነሳው ሐኪም አንዱንም አልጠየቀኝም፤ አሁንም ስጽፈው ያናድደኛል።

ሕክምናው ከታሪኩ አንጻር ሲታይ አጭር ነው። አንቲባዮቲኩና ስቴሮይዱ ቆሙ። የኬቶኮናዞል ሻምፖ በሳምንት ሁለት ቀን፤ አረፋውን ራስና ግንባር ላይ አምስት ደቂቃ አቆይቶ መታጠብ። ብዙ ሰው ቀብቶ ወዲያው ያጥበውና «አይሠራም» ይላል። እርሾው ግን ከቀዳዳው ሥር ነው፤ ሻምፖው ደጁን እንጂ ጓዳውን በቀላሉ አይደርስበትም። ስለዚህ ኢትራኮናዞል የተባለ የሚዋጥ ፀረ ፈንገስም ለአጭር ጊዜ ጻፉልኝ፤ ጉበቴን ጠይቀው፣ የምወስዳቸውን ሌሎች መድኃኒቶችም ጠይቀው። ያ የ1984ቱ ጀግና ኬቶኮናዞል በእንክብል መልኩ ዛሬ ለቆዳ አይታዘዝም። ጉበት ላይ በሚያደርሰው ጉዳት የተነሳ በ2013 አውሮፓ ከገበያ እንዲወጣ መከረች፣ አሜሪካም አጥብቃ ገደበችው። በሻምፖ መልኩ ግን አሁንም ወዳጅ ነው።

በአሥረኛው ቀን ማሳከኩ ለቀቀኝ። መጀመሪያ አላወቅኩትም፤ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ እጄ ኪሴ ውስጥ መሆኑን ሳይ ነው የገባኝ። ፍሬዎቹ በወሩ ጠፉ፤ ጠባሳ የሚመስል ጥቁር ምልክታቸው ግን ወራት ቆየ፣ በእኛ ቆዳ ላይ እንዲህ ነው። ዶክተሩ ይመለሳል ብለው አስጠንቅቀውኛል። ማላሴዚያ ከቆዳ ተነቅሎ አይጠፋም፤ ጤነኛም ሰው ላይ ይኖራል፤ ወዝ እስካለ ድረስ ይጠብቃል። ሻምፖዬን በየሳምንቱ አንድ ቀን እቀጥላለሁ።

ለፋሲካ እናቴ ቅቤዋን በቅል ይዛ መጣች። ይህን ሁሉ ታሪክ፣ ከፓሪስ እስከ ኒውካስል፣ ቡና እስኪፈላ አጫወትኳት። ጸጥ ብላ ሰማችኝ። ከዚያ ከቅቤው በጣቷ ወስዳ የሹሩባዬን ጫፍ ጫፍ ብቻ ቀባችው፣ ሥሩን ሳትነካ፤ ግንባሬን በአውራ ጣቷ ዳበሰችና አየችኝ።

«እና» አለች፤ «ምች አይደለም ነው የምትዪኝ?»